የእኔ ቀስትና የአማቴ ቀስት

ጅቡቲ ውስጥ፣ ያውም በግንቦት መጨረሻ፣ እስከ አንገቱ የተዘጋ ወፍራም ሹራብ ለብሶ የሚሄድ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ጤና የለውም ትላላችሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰዎች የሚሉኝም ይህንኑ ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማልሰማው።

መላኩ እባላለሁ። ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ በአንድ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ባለቤቴ ሰብለ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ቤታችን ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ቬንቲላተር። በዚያ ቬንቲላተር ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ስንጣላ ነው የከረምነው። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እዘጋለሁ። እሷ በላብ ትጠመቃለች፣ እኔ ጣቶቼ በብርድ ይደነዝዛሉ። ፊቴ አብጧል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ ቁርስ በልቼ እንኳ ለመነሣት ሰው እንዲጎትተኝ እጠብቃለሁ። ዕድሜ ነው እያልኩ እተወው ነበር። በአርባ አንድ ዓመቱ ዕድሜ ነው የሚል ሰው እንዳለ ከራሴ ነው ያወቅኩት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የስኳር ከረጢት የተደረደረበትን ጭነት ከራሴ በላይ አንሥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጭኜ ሳልጨርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እጄ መሪው ላይ እንዳለ። ስነቃ የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ እያየኝ ነው። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ብንጮህ ይደነግጥና ይለቀዋል ብለው ነው አሉ። ኃላፊዬ አብዲ ቀስ ብሎ መጥቶ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ።

«መላኩ፣ ሐኪም የጻፈው ወረቀት ይዘህ ና» አለኝ። «ያለዚያ ይህን ቁልፍ አታገኘውም።»

ሰብለ ነገሩን ስትሰማ አልተደነቀችም። «አብራኝ የምትሠራ ልጅ ልክ እንዳንተ ሆና ነበር» አለችኝ። «ታይሮይድ ነው አሏት። አንገት ላይ ያለው ዕጢ።»

«እሱ የሴት በሽታ ነው» አልኳት።

«ታዲያ አንተ ጋ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሄድም አልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሹራቤን ለብሼ ሶፋ ላይ ተኛሁ።

ያዳነኝ የአማቴ መምጣት ነው። ወይዘሮ አስካለ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ደብረ ብርሃን የርእሰ መምህርነት ሥራቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሦስት ሳምንት ሊያርፉ በባቡር መጡና ናጋድ ጣቢያ ልቀበላቸው ሄድኩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጡት እሳቸው በስስ ቀሚስ፣ ከጅቡቲ ሙቀት የሄድኩት እኔ በሹራብ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄ፣ ይህን የለበስከው ለኔ አክብሮት ነው ወይስ ታመሃል?»

«ትንሽ ይበርደኛል፣ እማማ።»

ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ሻንጣቸውን ራሳቸው አንሥተው መሄድ ጀመሩ፤ እኔ ለመሸከም ጎንበስ ብዬ ቀና እስክል ታክሲው ጋ ደርሰዋል። ቤት ሲገቡ ሰብለ ሁሉንም ነገረቻቸው። አማቴ ተማሪ እንደሚጠሩ በስሜ ጠሩኝ።

«መላኩ፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። የሴት በሽታ ነው ብለህ ካፈርክ እኔም አብሬህ እመረመራለሁ። ወረፋው ላይ አማቴን አጅቤ ነው በል።»

አማች አማቱን እንቢ አይልም። ሄድን።

ዶክተር ሂቦ ድሬዳዋ ያደገች ጅቡቲያዊት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። የድሬ አማርኛዋን ስሰማ ደስ አለኝ። አማቴን ግን ደስ አላላቸውም፤ የመጀመሪያ ንግግሯ «አንቺ እማማ፣ እዚህ ቁጭ በዪ» ነበርና። አማቴ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ወደ በሩ ዞረው አዩ። ድሬዳዋ ላይ አንቺ ማለት መቀራረብ እንጂ ንቀት እንዳልሆነ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«መቼ ተዋወቅንና ነው የምንቀራረበው?» አሉኝ እሳቸውም በጆሮዬ።

ደማችንን ሰጠን። በሁለተኛው ቀን ውጤት ልንሰማ ተመለስን። ዶክተሯ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። በሁለቱም ላይ ቲኤስኤች ከሚለው ፊት ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት ታትማለች። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው የኔንም የሳቸውንም አዩ፤ ቀስቷን በጣታቸው ነኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

«ከአንተ እንጀምር» አለችኝ ዶክተሯ። «ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚላክ ትእዛዝ ነው። አለቃ በለው። አንገትህ ላይ ያለው ዕጢ ደግሞ ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ሲለግም አለቃው ይጮኻል። ያንተ አለቃ ድምፁ እስኪዘጋ እየጮኸ ነው፣ ሠራተኛው ግን ተኝቷል። ይኸው፣ ሠራተኛው የሚያመርተው ሆርሞን ወርዶ ከታች ነው ያለው።»

«ፎርክሊፍት ላይ እንደኔ» አልኩ።

«በትክክል።»

«ግን ዶክተር፣ ይህ የሴት በሽታ አይደለም እንዴ?»

«ሴት ላይ በጣም ይበዛል። ከወሊድ በኋላ ይመጣል፣ የወር አበባ ሊቆም ሲል ይመጣል፣ ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራል። ስለዚህ ሴት ደከመኝ ስትል ቶሎ እንመረምራታለን። ወንድ ደከመኝ ሲል ሥራ በዝቶበት ነው እንላለን። ዓመት ሙሉ በሹራብ የዞርከው ለዚህ ነው።» በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የምውጠው አንድ ፍሬ መድኃኒት ጻፈችልኝ።

አማቴ ወረቀታቸውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። «የኔስ?»

«አንቺ ደህና ነሽ።»

«ቀስቱስ?»

«ቀስቱን የሚያትመው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ለሃያ ዓመት ልጅም ለሰባ ሦስት ዓመት ሰውም ያለው አንድ መስመር ነው። ዕድሜ ሲጨምር አለቃው ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረጉ የተለመደ ነው። ያንቺ ሠራተኛ እየሠራ ነው፣ ሆርሞንሽ ሙሉ ነው። ይህንኑ ቁጥር እርጉዝ ሴት ላይ ባየው ዛሬውኑ መድኃኒት አስጀምራት ነበር። ላንቺ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ልብ ያስቸግራል። ከሦስት ወር በኋላ ድገሚው፣ በቃ።»

የመጨረሻውን የሰሙ አይመስለኝም። ከግቢው ስንወጣ «ለአንተ ቀስት መድኃኒት፣ ለኔ ቀስት ስብከት» አሉና ታክሲ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መድኃኒቴን ጀመርኩ። የአራት ሳምንት ነው፤ አራት ቅጠል፣ በእያንዳንዱ ሰባት ፍሬ። ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ለውጥ አላየሁም። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጠዋት ማንም ሳይጎትተኝ ተነሣሁ። ይህን ለሰብለ ለመንገር ብቻ ሆቴሉ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እሷም እንዳየችኝ የያዘችውን አንሶላ ጥላ ሳቀች።

ደስታው በእኔ ብቻ አላበቃም። አማቴም ተለወጡ። መጋረጃችንን በሙሉ አወረዱና አጠቡ። ሲጨርሱ የጎረቤታችንን መጋረጃ አጠቡ። ገበያ በእግራቸው ደርሰው፣ ዓሣ ገዝተው፣ ሌላው ሰው በቀትር ሙቀት በሩን ዘግቶ ሲተኛ እሳቸው የወጥ ቤቱን ግድግዳ ይፈገፍጋሉ። ቀጭን አበባማ ድሪያ ገዝተው ለበሱ። የደብረ ብርሃን ርእሰ መምህርት በድሪያ፤ ሰብለ ፎቶ አንሥታ ለዘመድ ሁሉ ላከች። ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀምጠው በፈረንሳይኛ መቁጠር ተማሩ። ሰባ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፈረንሳዮች ሰባ የሚል ቃል የላቸውም፣ ስልሳ ዐሥር ነው የሚሉት። ሰባ ሦስት ደግሞ ስልሳ ዐሥራ ሦስት ነው።

«እንግዲያውስ እዚህ አገር እኔ ገና ስልሳዎቹ ውስጥ ነኝ ማለት ነው» አሉ። ያን ቀን ሙሉ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸውም ያልጠየቃቸውም በፈረንሳይኛ ሰማ።

እኛ የባሕሩ አየር ተስማማቸው አልን። ሳቅ የሞላበት ቤት ሆነ። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሳሉ ለዕረፍት ሲለቀቁ የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ፤ ያ ነበር የኛ ቤት።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አርፍጄ ተነሥቼ ወደ አምስት ሰዓት ላይ መድኃኒቴን ልውጥ ፓኮዬን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ከሥር ያሉትን ቅጠሎች አገላበጥኩ፤ ሁሉም ተፈልፍሏል። ሃያ ስምንት ፍሬ በዐሥራ ሁለት ቀን። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው፤ ይህ በሽታ ያስረሳል ተብያለሁ። ሥራ ላይ ወዳለችው ሰብለ ደወልኩ።

«ሰብልዬ፣ መድኃኒቴን እየረሳሁ ደጋግሜ ስውጥ አይተሽኛል?»

«አንተ አንዱን ለመዋጥ ግማሽ ሰዓት የምታስብ ሰው» አለችኝ። «ደግመህ ፈልግ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ሮጥኩ። አማቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የያዙት ብርጭቆ እግራቸው ሥር ተሰብሯል።

«ልቤ እየጋለበ ነው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ላብ የሙቀት ላብ አልነበረም። የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። የሚመታው ሥር መልክ የለውም፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል።

ታክሲ ፍለጋ ወጣሁ። ዓርብ ነው፣ ወደ ስድስት ሰዓት እየተጠጋ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ መስጊድ ነው። ሁለት መንገድ ሮጬ አንድ አገኘሁ። ተሸክሜያቸው ልገባ ስል «እሄዳለሁ፣ ልቀቀኝ» አሉና ተደግፈውኝ ገቡ። ዶክተር ሂቦ ጋ ደወልኩ፤ ተረኛ ሆና ሆስፒታል ነበረች፣ ቶሎ አምጣቸው አለችኝ።

መስጊዱ ያለበት መንገድ ጋ ደረስን። ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ጸሎቱ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው፤ ከጀመረ ማለፍ የለም። ዞሮ ለመሄድ ደግሞ ከኋላችን መኪና ተደርድሯል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ አማቴን አየ። ከዚያ ወርዶ በሶማሌኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔ የሰማሁት «ሆዮ» የምትለዋን ብቻ ነው፣ እናት ማለት ናት። የተቀመጡት ሰዎች ተነሡ። ምንጣፋቸውን እያጠፉ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አንድ ሽማግሌ ከፊታችን እየሄዱ በከዘራቸው መንገድ አስከፈቱልን። በዚያ ጠባብ ቦታ መኪናው በእግር ጉዞ ፍጥነት አለፈ። አማቴ በመስኮቱ ለሁሉም ጎንበስ ጎንበስ እያሉ አመሰገኑ።

ያኔ ነው ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ መጣበቁን ያወቅኩት። አልቦኛል። ዓመት ሙሉ ያላላበኝ ሰውዬ ሹራቤን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ አማቴ እየታመሙ እኔ ስላላበኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። እሳቸው ግን አይተው «ተሻለህ» አሉኝ፣ በቀጭን ድምፅ።

የተፈለፈሉት ቅጠሎች ትዝ አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ሁሉም ነገር ገባኝ። ግን አማት እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ገመዶች ደረታቸው ላይ ለጠፈች። መሣሪያው የልባቸውን ምት ሥዕል ማውጣት ጀመረ፤ መስመሩ እንደ ሕፃን ጽሕፈት የተዘበራረቀ ነው። ዶክተር ሂቦ አየችና ወደ አማቴ ዞረች።

«ምን መድኃኒት ወስደሻል?»

«ምንም።»

«እማማ፣ የምሰጥሽ ነገር ከወሰድሽው ጋር መስማማት አለበት። እውነት ምንም አልወሰድሽም?»

«ምንም አልኩሽ።»

ዶክተሯ እኔን አየች። አማቴ ጣሪያውን ያያሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪን ስርቆት ሲመረምሩ የኖሩ ሴት፣ በአማቻቸው ፊት ሰረቅኩ ሊሉ አይችሉም። ይህን አውቄ አፌን ከፈትኩ።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የኔን መድኃኒት ሰጥቻቸው ነው። እኔ ነኝ ውሰዱ ያልኳቸው።»

ዶክተሯ ልትቆጣ ስትዘጋጅ አማቴ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ውሸቱን ነው። እሱ አያውቅም። ራሴ ወስጄ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት፣ ስምንት ቀን።»

«ሁለት?» አለች ዶክተሯ። «ለምን ሁለት?»

«ለአርባ አንድ ዓመት ሰው አንድ ካዘዝሽ፣ ለሰባ ሦስት ዓመት አንድ አይበቃም ብዬ።»

ዶክተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። ለነርሷ መድኃኒት አዘዘች፣ በክንዳቸው ተሰጣቸው። ከዚያ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ይስሙኝ። የእርስዎ ልብ…»

አማቴ አቋረጧት። «ቆይ። ለምንድነው እርስዎ ያልሽኝ? ልሞት ነው?»

«አይሞቱም። አይ… አትሞቺም።»

«በይ እንደ ድሮው በዪኝ።»

ነርሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ዶክተሯ፣ በመጨረሻ ራሳቸው። መሣሪያው ሳቃቸውንም ሣለው፤ ወረቀቱ ላይ መስመሩ ዘለለ። «ስትስቂ አይነበብልኝም» እያለች ዶክተሯ እንደገና ታስቅ ነበር።

ከሰዓቱን ሁሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልባቸው ቀስ በቀስ እየረጋ ነው፤ ዶክተሯ በየጊዜው ብቅ እያለች ታያለች። ከአማቴ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት እንተዋወቃለን፤ ከ«እንዴት ዋሉ» አልፈን ያወራነው ያን ቀን ነው።

«ያን ቀስት ሳይ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ተመስገን አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ይወስደኛል። የተማሪዎቼን ስም እረሳለሁ። ደረጃ ስወጣ አርፋለሁ። ለሁሉም ምክንያት ተገኘ፣ መድኃኒት አለው፣ አልኩ። ከዚያ ያቺ ልጅ ደህና ነሽ አለችኝ። ሰው ደህና ነህ ተብሎ እንዲህ ያዝናል?»

«ግን እኮ እማማ፣ እነዚያ ስምንት ቀናት ጉድ ሠርተዋል» አልኳቸው።

«የጎረቤቱን መጋረጃ ሳይቀር» አሉና በሰላም ሳቁ።

ሰብለ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሁለት የሚለውን ስትሰማ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ማግስቱን አማቴ ከሆስፒታል ወጡ። ሳምንቱን አርፈው በባቡር ተመለሱ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ፊታችሁ ላይ ሁለት ሰው እንዲታያችሁ ነው። አንዱ የሴት በሽታ ነው ብሎ የስኳር ጭነት ከራሱ በላይ ሰቅሎ የሚተኛ ወንድ ነው። ወንድሜ፣ በሙቀት አገር ከበረደህ፣ ሰው ካልጎተተህ የማትነሣ ከሆነ፣ ሂድና ደምህን አስመርምር፤ ዕጢው ሱሪና ቀሚስ አይለይም። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ፤ አብዲ ቁልፌን ሰጠኝ። ሁለተኛዋ ወረቀት ላይ ቀስት አይታ ተስፋ ያደረገች አሮጊት ናት። ያንኑ ቁጥር የያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ ታማሚ፣ ሌላው ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዕድሜው፣ ሴት ወይም ወንድ መሆኑ፣ ማርገዟ ሁሉ ይታያል። ለአንዱ የሚያድን ፍሬ የሌላውን ልብ ያስጋልባል። ስለዚህ የሰው መድኃኒት አትቅመሱ፣ የራሳችሁንም ክፍት መደርደሪያ ላይ አትተዉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ደህና ናችሁ ተብለው ከሐኪም ቤት የሚወጡ አረጋውያን ፊታቸውን እዩልኝ። እኔ ያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ አላየሁትም።

ከሦስት ወር በኋላ አማቴ ከደብረ ብርሃን ደወሉልኝ። ዶክተሯ እንዳዘዘችው ተመርምረዋል።

«ቁጥሩ በራሱ ወርዷል» አሉኝ። «ቀስትም የለው።»

«እሰየው እማማ። ደስ አለዎት?»

«ድካሙ ግን እንዳለ ነው። አሁን ማሳበቢያ አጣሁለት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አስቤበታለሁ። ቤቱን ለእኅቴ ልጅ ሰጥቼ እናንተ ጋ እመጣለሁ። መድከሜ ካልቀረ፣ ከሰው ጋር ልድከም።»